ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ማሽን፦ ዋናው ሥራ ፍላሹ ከመሰካቱ በፊት ነው

እንደምን ዋላችሁ። በሰዓቱ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ዊንዶውስንና ሊኑክስን አንድ ኮምፒውተር ላይ አብሮ ስለ መጫን ነው። ዱዋል ቡት የሚባለው ማለት ነው። ማሽኑን ስታበሩት ስክሪኑ ላይ አጭር ዝርዝር ይመጣል። በቀስት ቁልፍ ትመርጡና ኢንተር ትጫናላችሁ። የመረጣችሁት ይነሣል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሪስታርት ማድረግ ግድ ነው።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። ሊኑክስን መጫን በአሁኑ ጊዜ ከባድ አይደለም። ጥቂት ገጾችን "ቀጥል" እያላችሁ ማለፍ ነው። ፋይሉ የጠፋበት ወይም ዊንዶውሱ አልነሣ ያለው ሰው ስታገኙ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረው ከዚያ በፊት ነው። ዊንዶውሱን ሳያዘጋጅ ነው የሊኑክስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ የሰካው። ስለዚህ ሊኑክስ ልትሰሙ መጥታችሁ እኔ ስለ ዊንዶውስ ሳበዛ እንዳይገርማችሁ።

ለመሆኑ ለምን ሁለቱም? "ሊኑክስ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ዊንዶውሱን ለምን አናጠፋውም?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሱ ያለው እንጀራችን ላይ ነው። ሂሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ ያስፈልጋታል። አርክቴክትና ሲቪል መሐንዲስ ያለ አውቶካድ አይውሉም። ማተሚያ ቤት የሚሠራ ልጅ ፎቶሾፕና ፓወር ግእዝ ይፈልጋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሊኑክስ ቅጂ የላቸውም። እንደምንም ለማስኬድ የሚሞከሩ ዘዴዎች አሉ፤ ግን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የሚሞከር ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ፕሮግራሚንግ፣ ኔትወርክ ወይም ሰርቨር የሚማር ሰው ሊኑክስን ሳያውቅ ሩቅ አይሄድም። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ቀዳሚ የሚባሉት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሊኑክስ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ኢንቴል ከሆነም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። 6ኛና 7ኛ ትውልድ ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ እዚህ አገር ጥቂት አይደለም። ማሽኑ ገና ጤነኛ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ኢንተርኔት የሚገባበት ሊኑክስ፣ ለዚያች አንዲት የማይተዋት ፕሮግራም ደግሞ ዊንዶውስ ቢይዝ በጣም ጥሩ አካሄድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሊኑክስ ራሱ ሲወለድም ጎረቤት ነበረው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከርነሉን የጻፈው ሚኒክስ የሚባል ሌላ ሲስተም በተጫነበት ኮምፒውተሩ ላይ ነው። አንድ ቀን በሞደም ሊደውል ሲል ትዕዛዙን በሞደሙ ፈንታ ለሃርድ ዲስኩ ላከው። የሚኒክስ ፓርቲሽኑ፣ ማለትም ሚኒክስ ያለበት የዲስኩ ክፍል፣ ተበላሸ። ሊነስም ሚኒክስን መልሶ ከመጫን ይልቅ ጠቅልሎ ወደ ራሱ ሥራ ገባ። ታሪኩን የተናገረው ራሱ ነው። ሁለት ሲስተም አንድ ዲስክ ላይ ሲኖሩ አንዲት የተሳሳተች ትዕዛዝ ምን እንደምታደርግ ከጅምሩ የታወቀ ነው።

ዱዋል ቡት የማያስፈልጋችሁም አላችሁ። የሊኑክስን ትዕዛዞች ብቻ መለማመድ የሚፈልግ ሰው እዚህ ጣጣ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ዊንዶውስ 10ም 11ም ላይ ደብሊውኤስኤል የሚባል መንገድ አለ፤ ሊኑክስን ዊንዶውሱ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ይከፍትላችኋል። ራሙ 16 ጊጋ የሆነ ደግሞ ሊኑክስን ዊንዶውስ ላይ በአንድ መስኮት የሚያስኬድ ቨርቹዋልቦክስ የሚባል ፕሮግራም ይበቃዋል። ዱዋል ቡት የሚጠቅመው ራሙ 4 ወይም 8 ጊጋ ሆኖ ለሁለት መካፈል ለማይችል ማሽን ነው። ወይም ሊኑክስን በየቀኑ ሊሠራበት ለቆረጠ ሰው።

እሺ፣ ወደ ዝግጅቱ እንግባ።

መጀመሪያ ባክአፕ። ይህን ስል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። "አለኝ፣ ዲ ላይ ገልብጬዋለሁ" ይላል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሲ እና ዲ የምትሏቸው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ቤት ስትገቡ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ክፈቱና ተመልከቱ። በግራ በኩል "ዲስክ 0" ይላል። ከእሱ ቀጥሎ፣ በአንድ መስመር ላይ፣ ሲም ዲም ተደርድረው ታገኛላችሁ። ሊኑክስ ስትጭኑ "ዲስኩን አጥፍተህ ጫን" የሚለውን ብትነኩ ዲ አብሮ ይሄዳል። ባክአፕ ማለት ከማሽኑ ተነቅሎ ለብቻው የሚቀመጥ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሌላ ፍላሽ፣ ኢንተርኔታችሁ ከቻለ ደግሞ ክላውድ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ የቤተሰብ ፎቶውን፣ የፒችትሪ ዳታውን ገልብጡ። ፕሮግራም እንደገና ይጫናል፤ እነዚህ ግን ምትክ የላቸውም። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ አንድ ሁለቱን እዚያው ላይ ከፍታችሁ በትክክል መከፈታቸውን እዩ።

ቀጥሎ ቢትሎከር። ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይህን ነው። ቢትሎከር ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፍ የዊንዶውስ ሥርዓት ነው። ሆም በሚባለው ዊንዶውስ ላይ "ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን" በሚል ስም ነው የምታገኙት። ብዙ ሰው ዲስኩ መቆለፉን አያውቅም፤ እሱ አልቆለፈውማ። 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ቅጂ በአዲስ ከተጫነና በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁበት፣ ማሽኑ እስከቻለ ድረስ ራሱ ይቆልፈዋል።

በደህና ቀን ምንም አይታወቃችሁም። ቲፒኤም ቺፑ ቁልፉን ይዞ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ይከፍትላችኋል። ግን ቺፑ ማሽኑ እንዴት እንደሚነሣ ይከታተላል። ሴኪዩር ቡት የሚባለው፣ ያልተፈረመ ማስነሻን የሚከለክለው ጥበቃ ሲጠፋ ወይም የማያውቀው ነገር አነሣሱ ውስጥ ሲገባ ቁልፉን አልሰጥም ይላል። ያን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና የማስመለሻ ቁልፉን አስገቡ ትባላላችሁ። 48 አሃዝ ነው። ስድስት ስድስት እየሆነ በሰረዝ የተለያየ፣ ስምንት ቦታ የተከፈለ ረጅም ቁጥር። ቁልፉ ከሌላችሁ ውስጡ ያለውን ፋይል እርሱት። መርካቶ ሂዱ ዱባይ፣ የሚከፍትላችሁ የለም።

ይህ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ማሽኑን መጀመሪያ በከፈተው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አሁን አስቡት። ብዙ ላፕቶፕ አገር ቤት የሚገባው በዘመድ እጅ ነው። አጎት አሜሪካ ገዙት፣ እዚያው በራሳቸው ኢሜይል ከፈቱት፣ ትንሽ ሠሩበት፣ ከዚያ ለእህታቸው ልጅ ላኩላት። እሷ የራሷን ስም ጨምራ በሰላም እየተጠቀመችበት ነው። ቁልፉ ግን አሁንም አጎቷ አካውንት ውስጥ ነው። ምንም ሳትነካ ልትደውልላቸው ይገባል። "ጋሼ፣ እባክዎ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይግቡና የዚህን ላፕቶፕ ሪከቨሪ ቁልፍ ይላኩልኝ።" በቃ። ቁልፉን ወረቀት ላይ ትጻፈው። ላፕቶፑ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋል።

የቀድሞው ባለቤት ከማይታወቅ ሱቅ የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ዊንዶውሱ ተከፍቶ እየሠራ ሳለ ኢንክሪፕሽኑን አጥፉት። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። መፍታቱ እንደ ዲስኩ መጠን ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይጨርስ ማሽኑን አትዝጉት። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የ24.04 መጫኛም ቢሆን የተቆለፈ ዲስክ ላይ ከዊንዶውስ ጎን አልጭንም ብሎ መጀመሪያ አጥፉ ይላችኋል።

ሦስተኛው ፋስት ስታርታፕ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ "ሸት ዳውን" ስትሉት ማሽኑ በትክክል አይዘጋም። ከርነሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ሲነሣ ከዚያው ይቀጥላል። ለዊንዶውስ ብቻ ይህ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይነሣል። ሁለት ሲስተም ሲኖር ግን ሱቁን ዘግቶ ሂሳቡን ሳይዘጋ እንደሄደ ባለሱቅ ይሆናል። ሌላ ሰው ገብቶ መዝገቡ ላይ ቢጽፍበት ሂሳቡ ይምታታል። ሊኑክስም ይህን ስለሚያውቅ የዊንዶውሱን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ ወይም ጭራሽ አይከፍተውም። "ፋይሌን ሴቭ ማድረግ አቃተኝ" የምትለዋ ጥያቄ መልሷ ብዙ ጊዜ ይኼው ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ ከፋስት ስታርታፕ ላይ ምልክቱን አንሡ።

አሁን ቦታ መልቀቅ ነው። የዊንዶውስን ክፍል በራሱ በዊንዶውስ አሳንሱ። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ "ሽሪንክ ቮልዩም"። ኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋ ይላል። እኔ ግን 256 ጊጋ ዲስክ ላይ 60 ብትሰጡት ደስ ይለኛል፤ በ25 የጀመረ ሰው ቶሎ ይጨንቀዋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር ያጋጥማል። ሲ ላይ 100 ጊጋ ባዶ አለ፤ ዊንዶውስ ግን 12 ጊጋ ብቻ ነው የምለቀው ሊላችሁ ይችላል። ምክንያቱ ክፍሉ መሐል የተቀመጡ የማይነቃነቁ ፋይሎች ናቸው። የሃይበርኔሽኑ ፋይል አንዱ ነው፤ የፔጅ ፋይሉ ሌላው ነው። ሁለቱን ለጊዜው አጥፍታችሁ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የተለቀቀውን ቦታ ባዶውን ተዉት። ፎርማት አታድርጉት፣ ስምም አትስጡት። ሊኑክስ የሚፈልገው ባዶውን ነው።

ኢንቴል ያለባቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የሊኑክሱ መጫኛ ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። ባዶ ገጽ ይመጣል። ዲስኩ አልተበላሸም። ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚገባበት የማሽኑ ቅንብር ገጽ ላይ፣ ዲስኩ አርኤስቲ ወይም ሬይድ በሚባል አሠራር ላይ ስለተቀመጠ ነው። ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር አለበት። ግን ልብ በሉ፣ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ አልነሣም ሊል ይችላል። መጀመሪያ ዊንዶውሱን በሚቀጥለው ጊዜ ሴፍ ሞድ በሚባለው፣ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት መንገድ እንዲነሣ እዘዙት። ከዚያ ባዮሱን ቀይሩ። አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሣ አዲሱን አሠራር ይለምዳል፤ ቀጥሎ በመደበኛው መንገድ ይነሣል።

ዝግጅቱ ይኼው ነው። ይህን ሁሉ ጨርሶ የመጣ ሰው የቀረው መንገድ አጭር ነው።

ለጀማሪ ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን እመክራለሁ። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሚንት ዓይን አይከብድም፤ ጅምር ቁልፉም ከታች በግራ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። ዳታ ውድ ስለሆነ አንዳችሁ አውርዳችሁ ለሌላው ስጡ፤ በነጻ ማባዛት ፈቃዱ የሚፈቅደው ነገር ነው። ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ፋይሉ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ቼክሰሙን፣ ማለትም የፋይሉን ሙሉነት ማረጋገጫ ቁጥር፣ ከኡቡንቱ ገጽ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ሩፈስ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ማሽኑን ከፍላሹ ለማስነሣት የሚጫኑት ቁልፍ እንደ ሠሪው ይለያያል። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። ሲነሣ ወዲያው አትጫኑ። ሳይጫን መሞከር ይቻላል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ብሉቱዙስ? ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ፤ ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ድራይቨሩን በእሱ ታወርዳላችሁ።

ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ጀምሩ፤ ዩፒኤስ ካለም ይሻላል። ፓርቲሽን እየተቀየረ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ባክአፑ ያን ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

መጫኛው "ከዊንዶውስ ጎን ጫን" የሚል ምርጫ ያመጣል። ያንን ምረጡ። ከእሱ አጠገብ "ዲስኩን አጥፍተህ ጫን" የሚል አለ። ሁለቱን ሳታነቡ እጃችሁ ማውሱ ላይ እንዳይቸኩል። በእጅ እከፍላለሁ የሚል ሰው ደግሞ ፋት 32 የሆነች፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ገደማ የሆነች ትንሽ ክፍል ያያል። የኢኤፍአይ ክፍል ናት። ሁለቱም ሲስተሞች የሚነሡባት ፋይል እዚያች ውስጥ ነው የሚኖረው። ተጠቀሙባት፣ ግን ፎርማት አታድርጓት። እሷን ያጠፋ ሰው የዊንዶውስ ፋይሉ ሁሉ ተቀምጦ እያለ ማሽኑ ዊንዶውስን ማስነሣት ያቅተዋል።

ብዙ ቪዲዮ ላይ "መጀመሪያ ሴኪዩር ቡትን አጥፉ" ሲሉ ትሰማላችሁ። ኡቡንቱም፣ ፌዶራ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነትም ማይክሮሶፍት የፈረመው ማስነሻ ስላላቸው በርቶ እያለ ይጫናሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ። የኤንቪድያ ወይም ሌላ ተጨማሪ ድራይቨር ከመረጣችሁ መጫኛው የይለፍ ቃል ያስመርጣችኋል። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ "ኢንሮል ሞክ" ይላል። እሱን ምረጡና የይለፍ ቃሉን ስጡት። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ቫይረስ መስሎት ያልፈዋል፤ ከዚያ ድራይቨሩ አልሠራ ይለዋል።

ከተጫነ በኋላ የምትደነግጡበት የመጀመሪያ ነገር ሰዓት ነው። ሊኑክስ ስትሠሩ ቆይታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ሳለ ዊንዶውሱ 6 ሰዓት ያሳያል። ባትሪው አላለቀም። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በግሪንዊች ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ቁጥር የአገር ውስጥ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ልዩነቱ ያ ነው። ሊኑክሱን በአንድ መስመር ትዕዛዝ የአገር ውስጥ ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ያን ስታደርጉ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ማስጠንቀቂያው በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ለሚቀይሩ አገሮች ነው። እኛ አገር ሰዓት ስለማይቀየር አያሳስባችሁም። አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ግን ዊንዶውሱን ወደ ግሪንዊች ማምጣቱ ይሻላል።

ሁለተኛው ድንጋጤ ምርጫው ሲጠፋ ነው። ዝርዝሩን የሚያሳየው ግረብ የሚባል ፕሮግራም ነው። አንድ ቀን ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ ማሽኑ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ሊገባ ይችላል። ሊኑክሱ አልጠፋም። ባዮስ ውስጥ የቡት ቅደም ተከተሉ ላይ "ኡቡንቱ" የሚለውን ወደ ላይ መልሱት። ከበድ ያለም ያጋጥማል። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት ዱዋል ቡት የነበሩ ብዙ ማሽኖች ላይ ሊኑክሱን እንዳይነሣ አድርጎ ነበር። የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን በሴኪዩር ቡት በኩል ስለከለከለ ነው። ችግሩ ማስነሻው ላይ እንጂ ፋይሉ ላይ አልነበረም፤ ግን ያን ቀን የመጫኛው ፍላሽ በእጁ የነበረ ሰውና ያልነበረው ሰው እኩል አልተቸገሩም። ፍላሹን ከጫናችሁ በኋላም አታጥፉት። ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ወይም ላፕቶፓችሁ ሁለተኛ ኤስኤስዲ የሚገባበት ቦታ ያለው፣ ሊኑክሱን ከነማስነሻው ለብቻው ዲስክ ላይ ጫኑት። አቅም ካለ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው።

ስለ አማርኛ ሳልናገር አልለፍ። ሊኑክስ የግእዝ ፊደልን በደንብ ያሳያል። ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የፊደል ማስገቢያ ፕሮግራም የኤም17ኤን ጥቅል ጫኑና ሴቲንግስ ውስጥ አማርኛን ጨምሩ። በላቲን ፊደል እየነካችሁ በግእዝ ይጻፍላችኋል። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ግን ሊኑክስ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። እሱን ዊንዶውሱ ላይ ክፈቱት።

የመጨረሻው ነጥቤ ማውጣት ነው። አልተመቸኝም ያለ ሰው ዊንዶውስ ገብቶ የሊኑክሱን ክፍል ዝም ብሎ ያጠፋል። ማሽኑን መልሶ ሲያበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ግረብ የሚል ጽሑፍ ብቻ ይጠብቀዋል። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ባዮስ ገብታችሁ "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር" የሚለውን አንደኛ አድርጉት። ዊንዶውስ በቀጥታ መነሣቱን አረጋግጡ። ቀጥሎ የሊኑክሱን ክፍል አጥፉ። ከዚያ ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ኤክስቴንድ ቮልዩም" በሉ፤ ቦታው ይመለስላችኋል።

ማሽን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። መጀመሪያ የምናየው ዲስኩ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ነው።